ስድስት ሰዓት ቆማለች የተባለችው መኪና

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በምሥራቅ ለንደን የምኖር፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት የማኅበር ተራዬ ስለ ነበር ጠዋት ወደ አንድ የገበያ ማዕከል ሄጄ ሽንኩርትና ዘይት ገዝቼ ወጣሁ። ቀኑን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሳበስል ውዬ፣ ለስላሳው እንደማይበቃ ስናይ ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ተመልሼ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገዝቼ ተመለስሁ። ከአንድ የፓርኪንግ ኩባንያ ደብዳቤ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ በ19ኛው ቀን፣ ሐሙስ ነው፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ማክሰኞ ነው። መኪናዬ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 9፡40 እስከ ቀኑ 3፡40 ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደ ቆመች፣ የሚፈቀደው ግን ሦስት ሰዓት ብቻ እንደ ሆነ፣ ስለዚህ 100 ፓውንድ፣ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ ደግሞ 60 ፓውንድ እንድከፍል ይላል። የመግቢያና የመውጫ ፎቶግራፍም አለው። ባለቤቴ ‹ከፍለሽ ተገላገይ፣ በሰው አገር ክስ ምን ያደርግልሻል› ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ቀደሽ ጣይው፣ እነዚህ መንግሥት አይደሉም፣ ምንም አያመጡም› ትላለች። የማንን ልስማ? ሠ. ነኝ።»

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ ለሁለቱም ምክር አክብሮት አለኝ፣ ሆኖም ሁለቱንም አይከተሉ። ባለቤትዎ እንዳሉት ቢከፍሉ የማይገባዎትን 60 ፓውንድ ከማጣትዎ በላይ ጉዳዩ ያንጊዜውኑ ይዘጋል፤ ከከፈሉ በኋላ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ባልደረባዎ እንዳሉት ወረቀቱን ቀደው ቢጥሉት ደግሞ ዛሬ በእጅዎ ያሉትን ሁለት ጠንካራ መከራከሪያዎች ሳይጠቀሙባቸው ጊዜው ያልፍና ከወራት በኋላ ከፍርድ ቤት በሚመጣ ወረቀት ይደነግጣሉ። ትክክለኛው መንገድ በጊዜው፣ በጽሑፍ፣ በአጭሩ መልስ መስጠት ነው።

በመጀመሪያ የያዙት ወረቀት ምን እንደ ሆነ እንለይ። በዚህ አገር ፒሲኤን በሚል አንድ ምሕጻር የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። አንደኛው ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በሕግ በተሰጠው ሥልጣን የሚያወጣው ቅጣት ሲሆን፣ በጊዜው ካልተከፈለ መጠኑ በግማሽ ያድጋል፣ ውሎ አድሮም ቤሊፍ የሚባለውን፣ ለዕዳ ዕቃ የሚወስደውን አስፈጻሚ፣ በር ድረስ ሊያመጣ ይችላል፤ ይግባኙም የሚቀርበው ለራሱ ገለልተኛ ችሎት ነው። ሁለተኛው፣ የእርስዎ ዓይነቱ፣ የግል ኩባንያ የሚልከው የክፍያ ጥያቄ ነው። ኩባንያው የሚለው በአጭሩ «ግቢው ውስጥ ስትገቡ በምልክቱ ላይ በተጻፈው ውል ተስማምታችኋል፣ ውሉን አፍርሳችኋልና ክፈሉ» ነው። ደብዳቤው በቀለሙም በአጻጻፉም የካውንስሉን እንዲመስል ሆኖ ስለሚዘጋጅ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኛ ደግሞ በአማርኛ ሁለቱንም «ቅጣት» ብለን መጥራታችን ነገሩን ያባብሰዋል። ቅጣት የሚጥል ዳኛ ወይም መንግሥት ነው፤ ይህ ግን አንድ ነጋዴ የላከው ሂሳብ ነው፣ ሂሳቡ ትክክል መሆኑንም ማስረዳት ያለበት ራሱ ነጋዴው ነው። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቆሞ የሚጠብቅ ሕዝብ ልጆች በመሆናችን ማኅተምና ቁጥር ያለበት ወረቀት ሁሉ የሕግ ቃል ይመስለናል። ይህ ለሕግ ያለን አክብሮት የምኮራበት ጠባያችን ነው፤ ሆኖም ሕግ ያልሆነውን እንደ ሕግ ቆጥረን በየዓመቱ ስንት ቤተሰብ የማይገባውን እንደሚከፍል ሳስብ ያንገበግበኛል።

የባልደረባዎ ምክር ከየት እንደ መጣ ላስረዳ፤ ውሸት ሳይሆን ጊዜ ያለፈበት እውነት ነውና። ከ2012 በፊት በእንግሊዝና በዌልስ የግል ኩባንያዎች ገንዘብ መጠየቅ የሚችሉት መኪናውን የነዳውን ሰው ብቻ ነበር፤ ሹፌሩ ማን እንደ ሆነ ካላወቁ የሚከሱት ሰው አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ብዙ ደብዳቤ እውነትም ምንም ሳያመጣ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2012 ጀምሮ ግን የነጻነቶች ጥበቃ ሕግ የሚባለው አዋጅ በአንድ በኩል በግል መሬት ላይ ጎማ ማሰርን ሲከለክል፣ በሌላ በኩል በአራተኛው አባሪው ኩባንያዎቹ የተመዘገበውን ባለመኪና ራሱን እንዲጠይቁ ፈቀደ። ቀጥሎም በ2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤቪስ በሚባል ባለመኪና ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። ሰውየው ቼልምስፎርድ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ከተፈቀደው ሁለት ሰዓት 56 ደቂቃ አሳልፎ 85 ፓውንድ ተጠይቆ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም መጠኑ የኩባንያውን ጉዳት የማይመጥን ቢሆንም፣ ቦታው ለሌላ ገበያተኛ በጊዜው እንዲለቀቅ ማድረግ ተገቢ ጥቅም በመሆኑና ምልክቶቹም ትልልቅና ግልጽ ስለ ነበሩ ክፍያው ሕጋዊ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ «አያመጡም» ማለት አያዋጣም፤ ያመጣሉ፣ ይከሳሉም። ነገር ግን ያው ውሳኔ ለእርስዎም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ኩባንያው የሚያሸንፈው ምልክቱ ግልጽ ሲሆንና ሰውየው በእርግጥ ከሰዓቱ ያለፈ ሲሆን እንደ ሆነ ያሳያል። እርስዎ አላለፉም።

ወደ ራስዎ ጉዳይ ልምጣ። የደረሰብዎ በሙያው የታወቀና ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። በመግቢያው ላይ ያለው ታርጋ የሚያነብ ካሜራ መኪናዋ ስትገባም ስትወጣም ፎቶ ያነሣል፤ ኮምፒውተሩም መግቢያን ከመውጫ ጋር ያጣምራል። ከመካከል ያሉት ሁለት ምስሎች፣ ማለትም የጠዋቱ መውጫና የከሰዓቱ መግቢያ፣ ታርጋውን ሌላ መኪና ስለ ጋረደው ወይም ፀሐይ ስላንጸባረቀበት ሳይነበቡ ከቀሩ፣ ማሽኑ የመጀመሪያውን መግቢያ ከመጨረሻው መውጫ ጋር ያገናኝና ሁለት አጫጭር ጉብኝቶችን አንድ ረጅም ቆይታ ያደርጋቸዋል። የኩባንያዎቹ የሙያ ማኅበራት ደንብ የክፍያ ማስታወቂያ ከመላኩ በፊት ሰው ምስሎቹን በዓይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። ያ ቢደረግም ባይደረግም ኩባንያው በላከው ፎቶ ላይ የሚታየው መኪናዋ ስትገባና ስትወጣ ብቻ ነው፤ በመካከል ቆማ የሚያሳይ አንድም ምስል የለም። እርስዎ ግን የሁለት ግዢዎች ደረሰኝ ይኖርዎታል፣ በእያንዳንዱም ላይ ሰዓቱ ተጽፏል። በባንክ ካርድ ከፍለው ከሆነ በስልክዎ ላይ ያለው የባንክ መዝገብም ያሳያል። ስልክዎ የተጓዙበትን መንገድ የሚመዘግብ ከሆነ የዚያን ቅዳሜ መዝገብ ያውጡ። በአዳራሹ ውስጥ ሆነው ያነሡት ወይም ሌሎች ያነሡዎት ፎቶ ካለ እርሱም ሰዓቱን ይዟል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የቀኑ ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው በዝርዝር ልግለጸው። መስታወት ላይ ወረቀት ሳይለጠፍ በካሜራ ብቻ በተያዘ ጉዳይ፣ ኩባንያው የተመዘገበውን ባለመኪና መጠየቅ የሚችለው ማስታወቂያው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ማግስት ጀምሮ በሚቆጠሩ 14 ቀናት ውስጥ በእጁ ከደረሰው ነው። በፖስታ የተላከ ደብዳቤ ደግሞ፣ ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር፣ ከተላከ በሁለተኛው የሥራ ቀን እንደ ደረሰ ይቆጠራል። የእርስዎ ቅዳሜ ነበር፤ ቆጠራው እሑድ ይጀምርና 14ኛው ቀን በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ደብዳቤው ቢዘገይ ቢዘገይ በዚያ ሳምንት ረቡዕ ፖስታ ቤት መግባት ነበረበት። የተጻፈው ግን በ17ኛው ቀን ማክሰኞ፣ የደረሰውም በ19ኛው ቀን ሐሙስ ነው። ይህም ማለት ኩባንያው እርስዎን የመኪናው ባለቤት ተብለው ስለ ተመዘገቡ ብቻ የመጠየቅ መብቱን አጥቷል ማለት ነው። ወረቀት መስታወት ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ቆጠራው ሌላ ነበር፤ ያን ጊዜ ባለመኪናው የሚጻፍለት ከ28 ቀን በኋላና ከ56 ቀን በፊት ነው። እርስዎ ስለ መስታወት ወረቀት ያነሡት ነገር ስለሌለ እንዳልነበረ እወስዳለሁ።

መብቱን ያጣው ግን በባለመኪናው ላይ እንጂ በሹፌሩ ላይ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ቦታ ከልብ እንዲያስተውሉኝ የምፈልገው ነገር አለ፦ ማን እንደ ነዳ ለኩባንያው የመንገር ግዴታ የለብዎትም። ለእኔ ነግረውኛል፣ ለእነርሱ አይንገሩ። ይህ ውሸት መናገር አይደለም፤ ሌላ ሰው ነድቷል ብለው ፈጽሞ እንዳይጽፉ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኛ ቢጠይቅዎትም እውነቱን ብቻ እንዲመልሱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ግን በሕግ ያልተጠየቀ ነገር በፈቃድ አይሰጥም። አማርኛችን በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ነው፤ «ገባሁ፣ ገዛሁ፣ ወጣሁ» እያልን ግሡ ራሱ ሰውየውን ይዞ ይወጣል፣ ያንኑ በአሳባችን ይዘን በእንግሊዝኛ ስንጽፍም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሹፌሩ ማን እንደ ሆነ ተናግረን እናርፋለን። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የምትሆነው መኪናዋ ትሁን፤ መኪናዋ ገባች፣ መኪናዋ ወጣች፣ መኪናዋ ተመለሰች። ድረ ገጻቸው ላይ ቅጹን ሲሞሉ «ሹፌር ነኝ» የሚለውን ሳይሆን «የተመዘገብሁ ባለመኪና ነኝ» የሚለውን ይምረጡ።

ሌላም የእኛ ልማድ አለ። ለባለሥልጣን ስንጽፍ በይቅርታ እንጀምራለን፤ «ጥፋት ቢሆንብኝም፣ ልጆች አሉኝ፣ ደመወዜ አነስተኛ ነው፣ ለዛሬ ይማሩኝ» እንላለን። ይህ አጻጻፍ በአገራችን ልብ ያራራ ነበር። እዚህ ግን ኩባንያው «ጥፋት ቢሆንብኝም» የሚለውን ይዞ ሌላውን ይተወዋል። የእርስዎ ደብዳቤ ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«የዚህ ተሽከርካሪ የተመዘገብሁ ባለመኪና ነኝ፣ የላካችሁትንም ክፍያ እቃወማለሁ። ተሽከርካሪው በተጠቀሰው ቀን ለስድስት ሰዓት አልቆመም፤ ጠዋት አጭር ቆይታ አድርጎ ወጥቷል፣ ከሰዓት በኋላም ተመልሶ ለአጭር ጊዜ ቆይቷል። የሁለቱን ግዢዎች ደረሰኝ ቅጂ አያይዣለሁ። በዚያ ዕለት ስለዚህ ታርጋ የተመዘገቡትን የካሜራ ምስሎች ሁሉ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። በተጨማሪም ማስታወቂያችሁ በ2012ቱ ሕግ አራተኛ አባሪ ከተወሰነው 14 ቀን በኋላ ስለ ደረሰ ባለመኪናውን ተጠያቂ ማድረግ አትችሉም። ክፍያው እንዲሰረዝ፣ ካልሆነም ለገለልተኛው ይግባኝ ሰሚ የማቀርብበትን ቁጥር እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።»

በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚቸገሩ ከሆነ ልጅዎ ወይም ጎረቤት ያግዝዎ፤ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው ተቋምም ያለ ክፍያ ይረዳል። ከደብዳቤው ተለይቶ፣ ስለ እርስዎ የያዙትን የግል መረጃ ሁሉ እንዲሰጡዎት በመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት መጠየቅ ይችላሉ፤ በአንድ ወር ውስጥ በነጻ መመለስ አለባቸው፣ የጠፉት የመካከል ምስሎችም አንዳንድ ጊዜ የሚገኙት በዚህ ነው።

ይህን ከመላክዎ በፊት፣ ወይም በዚያው ቀን፣ ብዙ ሰው የሚዘለውን ቀላል መንገድ ይሞክሩ፦ ሁለቱን ደረሰኞች ይዘው ወደ ገበያ ማዕከሉ ሄደው ሥራ አስኪያጁን ያነጋግሩ። የፓርኪንግ ኩባንያው በባለመሬቱ ፈቃድ የሚሠራ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መጥታ የገዛች ደንበኛ በደረሰባት በደል እንዳትርቅ የሚፈልግ ነጋዴ ኩባንያውን «ሰርዙት» ሊለው ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይላል። በስልክ ከሆነ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ፤ ተስፋ ከሰጡዎትም በኢሜይል እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ። ሥራ አስኪያጁ ስላናገረዎት ብቻ ግን ለኩባንያው የሚጻፈውን ደብዳቤ አያዘግዩ።

ለኩባንያው የሚቀርበው ተቃውሞ ማስታወቂያው ከወጣ በ28 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ውድቅ ካደረጉት ቀጣዩ ደረጃ ኩባንያው አባል በሆነበት የሙያ ማኅበር ይወሰናል፤ የእንግሊዝ ፓርኪንግ ማኅበር አባል ከሆነ ፖፕላ ወደሚባለው፣ የሌላኛው ማኅበር አባል ከሆነ ደግሞ አይኤኤስ ወደሚባለው ይግባኝ ሰሚ ይቀርባሉ። ለፖፕላ 28 ቀን አለዎት፣ ለአይኤኤስም ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ገንዘብም አይከፈልም። ይግባኝ ሰሚው ከፈረደልዎ ኩባንያው መቀበል ግዴታው ነው፤ ከፈረደብዎ ግን ውሳኔው እርስዎን አያስርም፣ ፍርድ ቤት የመከራከር መብትዎም አይነካም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም፦ ወደ ገለልተኛው ይግባኝ ሲያልፉ የ60 ፓውንዱ ቅናሽ ይቀራል፣ ቢሸነፉም የሚጠየቁት 100 ይሆናል። የእርስዎ ጉዳይ ሁለት ጠንካራ እግሮች ስላሉት ለ40 ፓውንድ ልዩነት የሚያስፈራ አይመስለኝም። በእውነት ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ላሳለፈና ማስታወቂያውም በጊዜው ለደረሰው ሰው ግን ይህን አልመክርም ነበር፤ እርሱ በቅናሹ ቢከፍል ይሻለዋል።

ወደ ዕዳ ሰብሳቢዎች ከተላለፈ እስከ 70 ፓውንድ ይጨመርና 170 የሚል፣ በቀይ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ይመጣል። ዕዳ ሰብሳቢ ቤሊፍ አይደለም፤ ቤትዎ ገብቶ ዕቃ ሊወስድ ቀርቶ ከደብዳቤና ከስልክ ያለፈ ሥልጣን የለውም። የእነርሱን ደብዳቤ ያስቀምጡ እንጂ አይረበሹበት። ፈጽሞ ችላ የማይባሉት ወረቀቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ከክስ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ» ሲሆን ለመመለስ 30 ቀን ይሰጣል። ሁለተኛው ኖርዛምፕተን ከሚገኘው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ማዕከል የሚመጣው የክስ ወረቀት ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ መቀበልዎን ካሳወቁ መከላከያዎን ለማቅረብ በጠቅላላው 28 ቀን ያገኛሉ። ይህን ወረቀት ያልመለሰ ሰው ማስረጃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በሌለበት ይፈረድበታል፤ ፍርዱ በተሰጠ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለም ስሙ በመዝገብ ላይ ለስድስት ዓመት ይቆያል፣ ቤት ለመከራየትም ሆነ ብድር ለማግኘት ያስቸግረዋል። ባለቤትዎ የፈሩት ክስ ግን በትንንሽ ክሶች ችሎት የሚታይ፣ ከዳኛ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ የሚካሄድ ውይይት ነው፤ የሚሸነፍ ሰው እንኳ በአብዛኛው የሌላውን ወገን የጠበቃ ወጪ አይከፍልም፣ የወንጀል መዝገብም የሚባል ነገር የለበትም።

በሌለበት የመፈረድ አደጋ ይበልጥ የሚያገኘው ቤት የሚቀያይረውን ሰው ነው። ኩባንያው አድራሻዎን ያገኘው 2.50 ፓውንድ ከፍሎ መኪናዎችን ከሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከዲቪኤልኤ፣ መዝገብ ነው። ከአንድ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንዛወር መንጃ ፈቃዱን እንቀይርና ሎግ ቡኩን፣ በአገራችን ሊብሬ የምንለውን፣ እንረሳዋለን። ማስታወቂያውም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ የክሱ ወረቀትም ከሁለት ዓመት በፊት በለቀቅነው ቤት ደጃፍ ይከማቻል፤ እኛ የምንሰማው ባንክ ብድር ሲከለክለን ነው። በዚያ መንገድ የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዲነሣ ማመልከት ይችላል፣ ግን ገንዘብ ያስከፍላል፣ ያደክማልም። አድራሻ መቀየር ነጻ ነው፤ አለመቀየሩ ራሱ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

በመንግሥት በኩል ይህን ንግድ የሚገዛ ሕግ በ2019 ወጥቶ፣ ክፍያውን ዝቅ የሚያደርግና በዕዳ ሰብሳቢ ስም የሚጨመረውን የሚከለክል ደንብ በ2022 መጀመሪያ ላይ ታትሞ ነበር፤ ኩባንያዎቹ በፍርድ ቤት ስለ ተቃወሙት በዚያው ዓመት ተነሣ። በ2024 ሁለቱ የሙያ ማኅበራት የጋራ ደንብ አውጥተዋል፤ ከፍተኛው ክፍያ 100 ፓውንድ እንዲሆን፣ ከተፈቀደው ሰዓት በኋላም 10 ደቂቃ እንዲታለፍ ይላል። ጥሩ ነገር አለው፣ ነገር ግን ተከሳሹ ራሱ የጻፈው ደንብ ነው፤ በዚህ ላይ ለፓርላማ ተወካይዎ አንድ ገጽ ቢጽፉ ደስ ይለኛል።

ለጊዜው ግን ከሁሉ የሚቀድም ሥራ አለ። የሱፐርማርኬት ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ቀለሙ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፤ በቦርሳ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲታሽ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ዛሬ ማታ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሰዓቱ በግልጽ እንዲነበብ ፎቶ ያንሡአቸው፤ አንዱ ከጠፋብዎ በዚያው ካርድ የተከፈለበትን የባንክ መዝገብ ያትሙ። ከዚያ ደብዳቤውን በድረ ገጻቸው ያስገቡና የገባበትን ማረጋገጫ ገጽ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። መልስ ሲሰጡዎት ምን እንዳሉ ጻፉልኝ፤ ውድቅ ካደረጉት ለይግባኝ ሰሚው የሚቀርበውን አብረን እናዘጋጃለን።